የወላጅ ጭንቀት የልጅን እንቅልፍ ይነሣል

እኅቴ ሆይ! ወንድሜ ሆይ! ዛሬ ስለ ጤፍም ስለ ማዳበሪያም አልጽፍላችሁም። ስለ ልጃችሁ እንቅልፍ ልጽፍላችሁ ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? ልጅ ሲደክመው ይተኛ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። ተፍኪ መጥቼ ከአንድ ገበሬ ቤት እስካድር ድረስ ማለቴ ነው።

ተፍኪ ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሜዳው የበቾ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ጤፉም የተመሰገነ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ግን አዋሽ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይወጣል። ውኃው ማሳ ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ገበሬው እንቅልፍ የለውም።

እኔ ያደርኩበት ቤት አንድ ክፍል ነው። አባትና እናት፣ አራት ልጆች፣ በአንድ ጥግ ጥጆች፣ በሌላው ጥግ እኔ። እራት ተበልቶ ልጆቹ ቁርበታቸው ላይ ከተጋደሙ በኋላ ወሬ ይጀመራል። ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው። ለማዳበሪያ የተበደርነው ስንት ነበር? ጤፉን ውኃ ከወሰደው በምን እንከፍላለን? በሬውን እንሽጠው ወይ? ድምፁ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነሣል። አንዳንዴ ቁጣም አለበት። «ቀስ በል፣ ልጆቹ ተኝተዋል» ትላለች እናት።

አልተኙም። ትንሿ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። በምድጃው ፍም ብርሃን ሳያት ዓይኗ ፈጥጧል። ሌሊት እየቃዠች ትጮሃለች። ጠዋት ትነጫነጫለች፤ ቁርሷን አትበላም። እናቷ «ዓይነ ጥላ ነው» አለች። አባቷ «ቁንጫ ነው» አለ። ቁንጫውስ እውነት ነው፤ እኔንም አልማረኝ።

አንድ ቀን ጥጆቹን ስትጠብቅ አገኘኋትና «ሌሊት ምንድን ነው የሚያስፈራሽ?» አልኳት። ቶሎ አልመለሰችም። በኋላ «ቡሬን ሊሸጡት ነው» አለችኝ። ቡሬ በሬያቸው ነው። ለካ ልጅቱ በየሌሊቱ ሁሉንም ስትሰማ ኖሯል! ስለ ዕዳው አልገባትም። የአባቷ ድምፅ ግን ገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ወደ ደሙ ይለቃል። ልብ ይመታል፣ ዓይን ይነቃል። ጅብ በረት ቢገባ ይህ ይጠቅማል፤ ዱላ ይዞ ለመነሣት ነው። ዕዳ ግን በዱላ አይባረርም። ስለዚህ ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ እንደነቃ ይቀራል። ሕፃን ልጅ ደግሞ አደጋ መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ከእናትና ከአባቱ ፊት ነው። እነሱ ሲረበሹ እሱም ይረበሻል። ያልተኛ ልጅ እናቱን ይቀሰቅሳል። ያልተኛች እናት በማግሥቱ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች። ማታ ጭቅጭቁ እንደገና ይነሣል። አውድማ ላይ እንደሚዞር በሬ መሆኑ ነው።

ይህ የእኔ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቡታጅራ አካባቢ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡር ሴቶች ስለ ጭንቀት ተጠይቀው ነበር። ጥያቄዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸው 20 ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍም ይጠይቃሉ። የጭንቀት ምልክት በበዛባቸው እናቶች ዘንድ ምጥ የመርዘም፣ ጡት ማጥባትም የመዘግየት ነገር በርከት ብሎ ታየ። እንግዲህ ጭንቀት እናት ራስ ውስጥ ብቻ አይቀርም ማለት ነው።

ልጅ ምን ያህል ይተኛ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛ ይላል። የቀን እንቅልፉም ተቆጥሮ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልገዋል። እስቲ አሁን ቁጥር ስለተማራችሁ አስሉት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለከብት የሚነሣ ልጅ ስንት ሰዓት ተኛ? 7 ብቻ! ልጅን የሚያሳድገው ንጥረ ነገር በብዛት የሚወጣው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ቀን የተማረውም ትምህርት የሚረጋው በእንቅልፍ ነው። ታዲያ እንቅልፍ የጎደለው ልጅ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ «ሰነፍ» ብላችሁ አትምቱት።

የማታ ቡና ለልጅ አትስጡ። የስልክ መብራትም ዓይኑ ላይ አይሁን። «ጅብ መጣልህ፣ ተኛ!» ማለትም ይቅር። እናቴም እኔን እንዲሁ ስታስተኛኝ ነው የኖረችው፤ እስከ ዛሬ ጨለማ አልወድም፣ አትሳቁብኝ። ልጁ ሌሊት መቀመጫውን የሚያክ ከሆነ የሆድ ትል ይሆናል፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እናንተም ራሳችሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ከዘጋችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ ሄዳችሁ ለጤና ሠራተኛ ንገሩ። ይህ እንደ ወባ የሚታከም ነገር ነው፤ አያሳፍርም።

ያ አባወራ ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ ነው። የልጅቱን ነገር ስነግረው ዝም አለ። በማግሥቱ ማታ ደብተሩን አውጥቶ «ልጄ፣ ብድሩን እንዴት አድርጌ ነው የምጽፈው?» አለኝ። ብድሩን ባንድ በኩል፣ የሚጠብቀውን በሌላ በኩል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የዕዳ ወሬ ማታ ቀረ። ከእራት በፊት፣ ገና ሳይመሽ፣ ባልና ሚስት ደጅ ተቀምጠው ደብተሩን ያያሉ። ልጅቱንም ጠርቶ «ቡሬ የሚሸጥ ከሆነ አስቀድሜ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ተኚ» አላት።

ዕዳው አልተከፈለም። ውኃውም ገና ማሳው ላይ ነው። ልጅቱ ግን ባለፈው ዓርብ እስከ 12 ሰዓት ተኝታ ጥጆቹን እናቷ አወጣችላት።