«ስኳር በዘራችን አለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ስኳር እኮ በዘራችን አለ።» ይህቺን አባባል በቡና ሰዓት ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛም ቤት ትባላለች። አክስቴ ለስላሳ ሲቀርብላት «ብጠጣም ባልጠጣም አይቀርልኝም» ብላ ትከፍተዋለች። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ጥያቄዬ ትንሽ የመካኒክ ነው፦ በዘር አለ የተባለው ብልሽት የትኛው ዕቃ ላይ ነው ያለው?

መጀመሪያ ማሽኑን እንየው። ቆሽታችን ውስጥ ቤታ የሚባሉ ህዋሳት አሉ። ሥራቸው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እየለኩ በልኩ ኢንሱሊን መልቀቅ ነው። የልብስ ካውያን አስቡ። ሲግል ራሱ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይበራል። ቤታ ህዋስም ስኳር ከፍ ሲል ኢንሱሊን ይለቃል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ይቀንሳል።

እንዴት ያውቃል? ስኳሩ ወደ ህዋሱ ሲገባ ግሉኮካይኔዝ የሚባል ፕሮቲን ይቀበለውና ማቃጠሉን ያስጀምራል። ከቃጠሎው ኤቲፒ የሚባል የኃይል ሞለኪውል ይገኛል። ኤቲፒ ሲበዛ በህዋሱ ግድግዳ ላይ ያሉ የፖታሲየም በሮች ይዘጋሉ። በሮቹ ሲዘጉ የህዋሱ የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ኢንሱሊን ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የሚሠራው ደግሞ ጂን ወይም ዘረመል በምንለው የዲኤንኤ መመሪያ ነው። ዲኤንኤያችን 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት፤ አንዳንዴ የአንዲት ፊደል መለወጥ ብቻ አንዱን ዕቃ ያበላሻል።

ከፍ ተደርጎ የተሞላ ካውያ

ጂሲኬ የሚባለው ጂን የግሉኮካይኔዝ መመሪያ ነው። አንዱን ቅጂ ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወስዳለን። አልፎ አልፎ ከሁለቱ አንዱ ይበላሻል። ይህ የካውያውን መቆጣጠሪያ ከሐር ወደ ጥጥ እንደማዞር ነው። ካውያው አሁንም ሙቀቱን ይቆጣጠራል፤ ግን ከፍ ባለ ልክ ላይ። እነዚህ ሰዎች በባዶ ሆድ ሲለኩ ስኳራቸው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው፤ ከልጅነት እስከ እርጅናም ብዙ አይለወጥም። ከእርግዝና ጊዜ ውጭ አብዛኞቹ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። ግን ምክንያቱ ካልታወቀ እንደ ሌላው የስኳር ታማሚ ተቆጥረው ለዓመታት መድኃኒት ሊውጡ ይችላሉ።

ይህን ለውጥ ከያዘ ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሳንቲም እንደመወርወር ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ ወረሰ ማለት ሁለተኛው ተረፈ ማለት አይደለም።

አልዘጋ ያለው በር

የፖታሲየሙን በር ከሚሠሩት ጂኖች አንዱ ኬሲኤንጄ11 ይባላል። በዚህ ጂን ላይ አንዳንድ ለውጦች ሲደርሱ በሩ ኤቲፒን አልሰማ ይላል፤ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ኢንሱሊኑ ህዋሱ ውስጥ አለ፤ መውጣት ነው ያቃተው። ሕፃኑም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ የስኳር ታማሚ ይሆናል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያ በፊት እነዚህ ልጆች የተለመደው ዓይነት 1 ስኳር እንዳለባቸው ተቆጥረው ዕድሜ ልካቸውን ኢንሱሊን ይወጉ ነበር።

ብልሽቱ ሲታወቅ ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። ግሊቤንክላማይድን የመሳሰሉ፣ እኛም አገር የሚታወቁ ርካሽ እንክብሎች፣ ያንኑ በር በሌላ መንገድ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት እንዲህ ዓይነት ለውጥ ካላቸው 49 ታማሚዎች 44ቱ መርፌውን ትተው በእንክብል መኖር ችለዋል። ለአንዲት ሕፃን እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት!

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በአብዛኞቹ በእነዚህ ሕፃናት ላይ ለውጡ ከወላጅ አልመጣም፣ በእነሱ ላይ የጀመረ አዲስ ነው። የጂን ችግር ሁሉ የውርስ ችግር አይደለም።

የጠቀመ ብልሽት

ደግሞ ተቃራኒውም አለ። ኤስኤልሲ30ኤ8 የሚባል ጂን ዚንክን ወደ ኢንሱሊን ማከማቻ የሚያስገባ ፕሮቲን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 150,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የዚህ ጂን አንዱ ቅጂ የተበላሸባቸው ጥቂት ሰዎች በዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ65 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎች ደስ ያላቸው ለምን መሰላችሁ? ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን ስለሠራችላቸው ነው፤ ይህን ፕሮቲን የሚያዳክም መድኃኒት ቢሠራ ሊጠቅም እንደሚችል ጠቆመቻቸው።

ታዲያ አክስቴስ?

እስካሁን ያየናቸው ብርቅ ለውጦች ናቸው፤ አንድ ጂን ብቻውን ውጤቱን የሚወስንበት። የአብዛኛው ቤተሰብ ስኳር ግን ዓይነት 2 ነው፤ እዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጋራቸው በርካታ ትንንሽ ለውጦች ናቸው የሚደማመሩት። ከእነዚህ ጠንከር ያለው ቲሲኤፍ7ኤል2 በተባለው ጂን ላይ ያለው ሲሆን፣ አንድ ቅጂው ዕድሉን በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ማለት 40 በመቶው ይታመማል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ከ100 ሰው 10 የሚያዝ ቢሆን ወደ 14 ገደማ ይጠጋል ማለት ነው።

ደግሞ ቤተሰብ የሚያወርሰው ጂን ብቻ አይደለም፤ ማዕድም ያወርሳል። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ለስኳር የተጋለጡ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በወጣ ሙከራ፣ ክብደት መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ማድረግ በሽታውን በ58 በመቶ ቀንሶታል። የቲሲኤፍ7ኤል2 ለውጥ ያላቸውንም ጠቅሟል።

ስለዚህ በቤታችሁ ስኳር ካለ ዝም ብላችሁ «የዘር ነው» ከማለት ጠይቁ። ማን ያዘው? በስንት ዓመቱ? ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ከተያዘ፣ ወይም በተከታታይ ትውልድ ከ25 ዓመት በታች ያሉ ቀጫጭን ወጣቶች ከተያዙ፣ ለሐኪም መንገር ያለባችሁ ነገር ነው። ግን አደራ፣ ይህን አንብቦ ኢንሱሊን የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ ሕይወቱን ያጣል። መድኃኒት የሚቀየረው ከምርመራ በኋላ፣ በሐኪም ብቻ ነው።

ለአክስቴም መልሴ ይኸው፦ ዘርሽ የካውያውን መቆጣጠሪያ ትንሽ አዙሮት ሊሆን ይችላል፤ ለስላሳውን የከፈተው ግን ዘርሽ አይደለም።