መንጋጋና የሌሊት ትንፋሽ

ጠዋት ሲነሱ ከጆሮ ፊት ያለው የጉንጭ ክፍል የሚያማቸው፣ አፋቸውን ከፍተው ማዛጋት የሚቸግራቸው፣ ቆሎ ሲቆረጥሙ መንጋጋቸው የሚንቋቋ ሰዎች በየቤታችን አሉ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ወይም የጆሮ ሕመም ተደርጎ ይታሰባል። ጉንጭ በነጠላ ይጠመጠማል፤ አንዳንዴም ጤነኛ ጥርስ እስከ መንቀል ይደረሳል። ያው ሰው ሌሊት ያንኮራፋ እንደሆነ፣ ትንፋሹም በመካከል ይቋረጥ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። ማንኮራፋት የቤተሰብ ቀልድ ሆኖ ይቀራል እንጂ ከመንጋጋ ሕመም ጋር የሚያያይዘው ብዙ አይደለም። ለመሆኑ እነዚህ ሁለት ነገሮች ምን ያገናኛቸዋል? ግንኙነታቸውስ እንደ ሰቆጣ ባለ ከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ምን ትርጉም አለው?

አንድ አጥንት፣ ሁለት ሥራ

አንባቢ ሆይ፣ ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ፊት ለፊት አስቀምጠው አፍዎን ቀስ ብለው ይክፈቱ። ከጣትዎ ሥር የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ነው። ይህ መገጣጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ መዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት መንሸራተትም ይችላል። በሁለቱ አጥንቶች መካከልም ግጭትን የሚቀንስ ስስ ዲስክ አለ።

በፊዚክስ ቋንቋ መንጋጋ ሌቨር ነው። መደገፊያ ነጥቡ መገጣጠሚያው ሲሆን፣ ኃይል የሚሰጡት የማኘኪያ ጡንቻዎች በመደገፊያውና በሚታኘከው ምግብ መካከል ይገኛሉ። አሠራሩ ከወረንጦ ጋር ይመሳሰላል። በእንዲህ ያለ ሌቨር ጡንቻው ከሚፈጥረው ኃይል ከፊሉ በመደገፊያው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥርሱን ሌሊቱን ሙሉ ነክሶ የሚያድር ሰው መገጣጠሚያውንም ሌሊቱን ሙሉ ሲጫነው ያድራል።

መንጋጋ ሁለተኛ ሥራም አለው። ምላስን ወደ ፊት የሚስበው ትልቁ ጡንቻ የሚነሣው ከአገጭ አጥንት የውስጥ ገጽ ነው። በአንገት ፊት ያለችው፣ የምላስ ሥር የሚያርፍባት ትንሽ አጥንትም በጡንቻ ከመንጋጋ ጋር የተሳሰረች ናት። በመሆኑም አገጭ ወደ ኋላ ሲሸሽ ምላስ አብሮ ይሸሻል፤ ከምላስ ጀርባ ያለው የአየር መተላለፊያም ይጠብባል።

ለስላሳው መተላለፊያ

ከጉሮሮ በታች ያለው የአየር ቧንቧ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በልም አጥንት ቀለበቶች ተደግፏል። ከምላስ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ የለውም፤ ክፍት የሚያደርጉት ጡንቻዎች ናቸው። እንቅልፍ ሲወስደን እነዚህ ጡንቻዎች ይላላሉ። በጀርባችን ከተኛን ደግሞ የመሬት ስበት ምላስንና መንጋጋን ወደ ኋላ ይጎትታል። ወደ ውስጥ ስንተነፍስ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ልል የሆነው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይሳባል።

የመጥበብን ዋጋ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በእርጋታ በቱቦ ውስጥ የሚፈስ አየር የሚገጥመው ተቃውሞ ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ተገላባጭ ዝምድና አለው። ሬዲየሱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ተቃውሞው ወደ 2.4 እጥፍ፣ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። የሰው ጉሮሮ ፍጹም ቱቦ ባይሆንም ስሌቱ ጥቂት ሚሊሜትር ምን ያህል ለውጥ እንደምታመጣ ያሳያል።

የጠበበው መተላለፊያ ግድግዳ እንደ ባንዲራ ሲርገበገብ ማንኮራፋት ይሰማል። ጨርሶ ሲዘጋ ደረት እየታገለ አየር ግን አይገባም። ቢያንስ 10 ሰከንድ የሚቆይ መቋረጥ በሕክምና እንደ አንድ ክስተት ይቆጠራል። የትንፋሽ መቋረጡና ጉልህ መቀነሱ አንድ ላይ ተቆጥረው በሰዓት 5 ከደረሱ የእንቅልፍ ትንፋሽ መታወክ አለ ይባላል፤ 30 ከደረሱ ሁኔታው ከባድ ነው። በእያንዳንዱ መቋረጥ አንጎል ተኝቶ የነበረውን ሰው በከፊል ይቀሰቅሰዋል፤ ሰውዬው ግን ጠዋት አንዱንም አያስታውስም።

ማን ማንን ይቀድማል?

በአሜሪካ የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በመጀመሪያ የመንጋጋ ሕመም ያልነበራቸውን፣ ከ18 እስከ 44 ዓመት የሆኑ 2,604 ሰዎች ተከታትሏል። የእንቅልፍ ትንፋሽ መታወክ ምልክቶች በብዛት የታዩባቸው ሰዎች በኋላ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ1.7 እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። የጥናቱ ጥንካሬ በጊዜ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ የትንፋሹ ምልክት ቀድሞ ታየ፤ የመንጋጋው ሕመም ተከተለ።

ምክንያቱን ለማስረዳት ሁለት መንገዶች ይቀርባሉ። አንደኛው በተደጋጋሚ የሚቆራረጥ እንቅልፍ ሰውነት ሕመምን የመቋቋም አቅሙን ያዳክማል የሚል ነው። ሁለተኛው ትንፋሽ ሲታፈንና አንጎል ሲነቃ የመንጋጋ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ ጥርስም ይፋጫል የሚል ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ መኮማተር መንጋጋን ወደ ፊት ስቦ መተላለፊያውን ለመክፈት የሚደረግ ሙከራ ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ በዚህ ላይ ያለው ክርክር ግን አልተቋጨም። ጥርሱን የሚያፋጭ ሁሉ ትንፋሹ የሚቋረጥ አለመሆኑንም ልብ ማለት ይገባል።

በሕፃናት ዘንድ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል። ከብት ሲጠብቅ ከድንጋይ ላይ ወድቆ አገጩን የተመታ ወይም የመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽኑ ሳይታከም የቆየ ሕፃን መገጣጠሚያው ከራስ ቅሉ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ያን ጊዜ አፉ በደንብ አይከፈትም፤ መንጋጋውም እንደ እኩዮቹ አያድግም። አገጩ ትንሽ ሆኖ ሲቀር ለምላሱ ቦታ ያጥራል፤ ሌሊትም በጭንቅ ይተነፍሳል። የተጣበቀውን መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ማላቀቅ ይቻላል። ሐኪሞች ግን መንጋጋው ወደ ፊት ካልመጣ የትንፋሹ ችግር ሊቀር፣ አልፎ ተርፎም ሊባባስ እንደሚችል ስለሚያውቁ ሁለቱን አንድ ላይ ያቅዳሉ።

ከፍታ ሲጨመርበት

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 77 በመቶ ይወርዳል። ወደ 3,500 ሜትር ሲወጡ ደግሞ 65 በመቶ ያህል ይሆናል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ኦክስጅንን ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ነው።

ሂሞግሎቢን በየግፊቱ የሚይዘው የኦክስጅን መጠን በግራፍ ሲሣል የአምባ ቅርጽ አለው፤ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ገደል። በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው በአምባው መካከል እንደ ቆመ ነው፤ ትንፋሹ ለአጭር ጊዜ ቢቋረጥ በጠፍጣፋው ላይ ጥቂት ይራመዳል። ደገኛው ግን ወደ ጠርዙ ቀረብ ብሎ ስለሚተኛ እኩል ርዝመት ያለው መቋረጥ ኦክስጅኑን ይበልጥ ሊያወርድበት ይችላል።

የኢትዮጵያ ደገኞች በዚህ ረገድ ዓለምን ያስገረሙ ናቸው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር፤ የሂሞግሎቢን መጠናቸውም በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ይቀራረባል። ሆኖም ይህ ጸጋ የደም እንጂ የጉሮሮ አይደለም። ደሙ ከከፍታው ጋር የተላመደ ሰው ቢሆንም ምላሱ መተላለፊያውን ከዘጋው አየር አያልፍም።

እንጥል ወይስ መንጋጋ?

በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠሮች ሕፃኑን ያፍነዋል ተብሎ እንጥል የማስቆረጥ ልማድ ለረጅም ዘመን ኖሯል። የወላጆቹ ስጋት፣ ማለትም ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል የሚለው፣ ከንቱ አይደለም፤ የተወቀሰው አካል ግን ጥፋተኛ አይደለም። ንጽሕና በሌለው ምላጭ የሚደረገው ቆረጣ ደም መፍሰስን፣ ኢንፌክሽንንና ቴታነስን ያስከትላል። በዘመናዊ ሆስፒታል እንኳ ለማንኮራፋት ሲባል እንጥልንና የላንቃን ጫፍ የሚያነሣው ቀዶ ሕክምና ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ መዘጋቱ በብዙዎች ዘንድ ከምላስ ሥርም ስለሚፈጠር ነው።

ፊዚክስን የተከተሉት ሕክምናዎች ሌላ መንገድ ይዘዋል። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሳሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው መሣሪያ በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ መተላለፊያውን ክፍት ያደርጋል። ብዙ ጊዜ የሚበቃው 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ውኃ የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ ይህም ከባሕር ወለል የአየር ግፊት አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ሌላው በጥርስ ላይ የሚገጠምና የታችኛውን መንጋጋ በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት የሚያመጣ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ የመንጋጋ መገጣጠሚያን ሊያሳምም ስለሚችል በጥርስ ሐኪም ክትትል ይደረጋል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እንቅልፍን ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ ላቦራቶሪ በየወረዳው ሊኖር አይችልም። የመጀመሪያው መርማሪ ግን በየቤቱ አለ፤ እርሱም አጠገብ የሚተኛው ሰው ነው። ጠዋት መንጋጋውን የሚያመው ሰው ቤተሰቡን ይጠይቅ፦ ሌሊት በኃይል አንኮራፋለሁን? ትንፋሼ ቆሞ በድንገት ይመለሳልን? ራሱንም ይጠይቅ፦ ስነሣ ራሴን ያመኛልን? ቀን በሥራ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛልን? የደም ግፊት አለብኝን? ውፍረት ዋነኛ አጋላጭ ቢሆንም ቀጭን ሰው ከአደጋው ነፃ አይደለም፤ በቀጭኖች ዘንድ የመንጋጋ ቅርጽ ድርሻ ከፍ ይላል።

መልሱ አዎን ከሆነ ጥርስ ከመንቀል በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ ሁለቱንም ምልክቶች በአንድነት መናገር ይገባል። እስከዚያው በጎን መተኛትና ከመኝታ በፊት አልኮል አለመጠጣት ይረዳሉ። አፉን መክፈት የተቸገረ፣ አገጩ ያነሰና በጩኸት የሚተነፍስ ሕፃን ካለ ደግሞ ያድጋል፣ ይተወዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ መንጋጋው በማደግ ላይ ሳለ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ለእረፍት ወደየቀያችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች ይህን ለወላጆቻችሁ ብትነግሩ የአንድን ሰው ጥርስ ከጉጠት፣ የአንድን ሕፃን እንጥል ከምላጭ ልታድኑ ትችላላችሁ።