ከልብስ አጣቢዎች እንዶድ የተገኘ ዕውቀት

ከፒያሳ ተነሥተን ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን ወደ አራት ኪሎ ስንወጣ፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ከፊትም ከኋላም ያጅቡናል። ስለ ኬሚስትሪ የተነሣ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጠራው የፈረንጅ ሊቃውንትን ስም ነው። ዛሬ ግን ምርምራቸውን ከወንዝ ዳር ስለ ጀመሩት ስለ አገራችን ሊቅ፣ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ጥቂት ልናወሳ እንወዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሊቅ ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዐድዋ ነበሩ። ይህ በሽታ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከሴቶቹም አንዷን ከአረፋው ጥቂት ወስዳ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ እንድትጨምር ለመኗት። ጨመረች፤ ሁሉም ሞቱ።

እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ እናቶቻችን ከጥንት ያውቃሉ። የዶክተሩ ብልኃት «ለምን ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ፍሬው በላቦራቶሪ ሲመረመር፣ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውንም እንደሚገድል ታወቀ፤ ከዚህም አንዱ በስማቸው «ለማቶክሲን» ተባለ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ፣ በትንንሽ ልጆች ዘንድ በመቶ 50 የነበረው በሽታ ወደ 7 ወረደ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ኃይለኛውን እንዶድ፣ ዓይነት 44 የተባለውን፣ መርጠው አወጡ።

ታዲያ እንዶዱ ስለ ምን ፈጥኖ በሌላውም አገር አልተሠራበትም? ደኅንነቱ ይረጋገጥ መባሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚጠየቀው ምርመራ ብዙ ገንዘብና በውጭ አገር የታወቀ ላቦራቶሪ የሚሻ ስለ ነበረ፣ ነገሩ ዓመታት ወሰደ። ዶክተር አክሊሉም የአፍሪካ ሊቅ ችግር የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን ሥራው አለመታመኑም ጭምር መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። ሁለቱ ባልደረቦች «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ከትምህርት ወጥተን ወደ ገጠር ለሥራ ስንላክ፣ የባላገሩን ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረን እናልፈው ይሆናል። እንዶዱ ግን ሌላ ያስተምረናል፦ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ቀጥለን በእጃችን እንፈትን፤ ያገኘነውንም መዝግበን እንያዝ። የሚጠራጠረን ቢመጣ የምንመልስለት በዚያ መዝገብ ነውና።