ትራንስፖርት በደባርቅና በስሜን ተራሮች

ደባርቅ በኢትዮጵያ፣ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ጎንደር ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. በሦስት ሲከፈል የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት በከተማዋ ስለሚገኝ፣ ወደ ተራሮቹ የሚሄድ ጎብኚ በአብዛኛው የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ደባርቅ በኔፓል ሂማላያ ከሚገኙት የተራራ ጉዞ መነሻ ከተሞች ጋር ልትነጻጸር ትችላለች። የኤቨረስት ተጓዦች የሚነሡባት ሉክላ ከፍታዋ ከደባርቅ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው። ወደ ሉክላ አብዛኛው ተጓዥ የሚደርሰው በትንሽ አውሮፕላን ሲሆን ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ ሁሉ በእግር ነው፤ ዕቃም በሰውና በከብት ጀርባ ይጓጓዛል። በደባርቅ ግን የመኪና መንገድ ከተማዋን አልፎ እስከ ፓርኩ ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። ይህ መንገድ ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም፣ ለዱር እንስሳቱ ደግሞ ሥጋት ሆኖ ቆይቷል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር

በየብስ፦ ከአዲስ አበባ ጎንደር ወደ 730 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መንገዱ በፍቼ፣ በጎሃ ጽዮን፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል ያልፋል። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይ በረሃ አለ። መኪናው ከደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። ስለዚህ በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ይህ ክፍል ብዙ ሰዓት ይወስዳል። አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ጉዞ የሚጀምሩት ሌሊት፣ ከ11 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው። በአንድ ቀን ጎንደር የሚያደርሱ አሉ፤ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ አድሮ በሁለተኛው ቀን መድረስም የተለመደ ነው። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚነገር የውጭ አገር ሰው ቲኬት ሲቆርጥ «ከሌሊቱ» ወይስ «ከቀኑ» ብሎ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በአየር፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ጎንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይበራል። በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1946) ሥራ ሲጀምር መነሻው በልደታ የነበረው የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ የልደታው መንደርደሪያ ለጄት አውሮፕላን ስላልተመቸ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በረራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ጎንደር ከባሕር ዳር፣ ከላሊበላና ከአክሱም ጋር አየር መንገዱ «ታሪካዊው መስመር» እያለ ለጎብኚዎች ከሚያስተዋውቃቸው መዳረሻዎች አንዷ ናት። ማረፊያው ከከተማው በስተደቡብ በአዘዞ በኩል ስለሚገኝ፣ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ጎንደር ከተማ ገብቶ ከመናኸሪያው ይሳፈራል፤ አለበለዚያ መኪና ኮንትራት ይይዛል። ደባርቅ የራሷ የሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ

መንገዱ አስፋልት ሲሆን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ያልፋል። ሚኒባሶችና አውቶቡሶች ከጎንደር መናኸሪያ የሚነሡት ሲሞሉ ነው፤ የተወሰነ የመነሻ ሰዓት የላቸውም። ጉዞው በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት ማልዶ የመጣ ተሳፋሪ ቶሎ መኪና ያገኛል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተሳፋሪ ስለሚቀንስ መኪና እስኪሞላ መጠበቅ ይረዝማል። በዚያው ቀን ፓርክ ለመግባት ያሰበ ሰው፣ የጽሕፈት ቤቱን የሥራ ሰዓት አስቦ ከጎንደር በማለዳ መነሣት አለበት።

ከሰሜን በኩል፦ ሊማሊሞ

ከትግራይ የሚመጣው መንገድ ከሽሬ ተነሥቶ የተከዜን ወንዝ ይሻገርና በማይ ፀብሪ፣ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል አልፎ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ደባርቅ ይወጣል። ሊማሊሞ የተቀየሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ሲሆን በአገሪቱ ካሉት አስቸጋሪ የተራራ መንገዶች አንዱ ነው። በክረምት ጭጋግና የድንጋይ ናዳ ያጋጥማል። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዚህ መስመር ያለው የተከዜ ድልድይ ፈርሶ ነበር።

በከተማዋ ውስጥ

ደባርቅ የተዘረጋችው በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ነው። መናኸሪያ፣ ሆቴሎች፣ ሱቆችና የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በእግር የሚዳረሱ ናቸው። ዕቃ ለያዘ ሰው ባጃጅ አለ። ባጃጅ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር በጋራ ወይም በኮንትራት ይያዛል፤ ዋጋውን ከመሳፈር በፊት መነጋገር የተለመደ ነው። የእህል፣ የከሰልና የግንባታ ዕቃ ጭነት በአይሱዙ፣ በጋሪና በአህያ ይጓጓዛል።

ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ማሟላት ያለበት በደባርቅ ነው። ከከተማዋ ወዲያ ባሉት የድንኳን ማረፊያዎች ሱቅ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ባትሪና ናፍጣ የሚገዛው፣ ጥሬ ገንዘብ የሚወጣውም በከተማዋ ነው።

ወደ ፓርኩ አገባብ

ማንኛውም ጎብኚ መጀመሪያ በጽሕፈት ቤቱ ይመዘገባል፤ የመግቢያ፣ የመኪናና የድንኳን ማደሪያ ክፍያም ይፈጽማል። ክፍያው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ አገር ዜጋ የተለያየ ነው። ከዚያ የሚከተሉት ሰዎች ይመደባሉ፦

ስካውት፦ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ሲሆን ያለ እሱ መግባት አይፈቀድም። አብዛኞቹ ስካውቶች የአካባቢው ተወላጆች ናቸው።

አስጎብኚ፦ ቋንቋ የሚያውቅና ስለ እንስሳቱና ስለ መንገዱ የሚያስረዳ ነው። አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ።

ምግብ አብሳይ፦ ለብዙ ቀን ጉዞ የሚቀጠር ነው።

በቅሎና በቅሎ ነጂ፦ ድንኳን፣ ምግብና ሻንጣ ይጭናሉ። ጭነቱ ከመኪና መንገድ ወጥቶ በእግር መንገድ የሚሄደው በበቅሎ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚገኘው ገቢ ከመሬት ጥበትና ከከብት በላይ መተዳደሪያ ለሌለው የደጋ ገበሬ ትልቅ ድጋፍ ነው። በተራ የሚመደብ በቅሎ ነጂ ጎብኚ ሲጠፋ ተራው አይደርሰውም።

በፓርኩ ውስጥ

ከደባርቅ የሚነሣው ጥርጊያ መንገድ በቡዪት ራስ በኩል ወደ ሳንቃበር፣ ከዚያም ወደ ጨነቅ ይሄዳል። ሳንቃበር በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በመንገዱ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲግጥ ይታያል፤ ዋልያን ለማየት ግን የጨነቅ አካባቢ ይመረጣል። የተለመደው የእግር ጉዞ ማረፊያዎች ከፍታ በግምት እንደሚከተለው ነው፦

ደባርቅ፦ 2,850 ሜትር
ሳንቃበር፦ 3,250 ሜትር
ግጭ፦ 3,600 ሜትር
ጨነቅ፦ 3,620 ሜትር
አምቢቆ፦ 3,200 ሜትር

ከሳንቃበር ግጭ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት የሚያስኬድ ሲሆን በመንገዱ ላይ የጅንባር ፏፏቴ ይታያል። ከግጭ ወደ ጨነቅ በእመት ጎጎ (3,926 ሜትር) በኩል ሲሄዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከጨነቅ ወዲያ በብዋሂት ተራራ ጥግ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን መተላለፊያ አቋርጠው ወደ መሸሐ ወንዝ ከወረዱ በኋላ አምቢቆ ይደርሳሉ። ከዚያ በሌሊት ተነሥተው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ወደሆነው ራስ ደጀን (4,543 ሜትር) ይወጣሉ። ጊዜ የሌለው ሰው በመኪና እስከ ጨነቅ ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ይችላል።

መንገዱ ከጨነቅ አልፎ ወደ ጃናሞራ ወረዳ፣ ወደ መካነ ብርሃን ይሄዳል። በዚህ ወረዳ ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። ወደ ጃናሞራ የሚሄዱ የሕዝብና የጭነት መኪናዎች ቢኖሩም ሰዓታቸው ስለማይታወቅ ለጎብኚ አስተማማኝ አይደሉም።

ከፍታና የአየር ሁኔታ

በ3,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ በአንድ ቀን የመኝታ ከፍታን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር በስፋት የሚመከር ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር ከቆላ ከሚመጣ ሰው ይሻለዋል፤ ቢሆንም ከሕመሙ ነፃ አይደለም። በኔፓልም በስሜንም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ሕመሙ ከጠና ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ። በሽተኛው ከግጭ በበቅሎ፣ ከጨነቅና ከሳንቃበር ደግሞ በመኪና ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት መኪናውን ማን እንደሚጠራ መወሰን አለበት።

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን መንገዱ ይጨቀያል፣ ጭጋጉም ገደሉን ይሸፍናል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል።

የመንገዱ ጥያቄና ጥበቃ

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም በፓርኩ መካከል የተሠራው መንገድ ባስከተሉት ሥጋት በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የፓርኩ ስፋት ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ከፍ እንዲል ተደረገ። መኪናዎች በፓርኩ እንዳያልፉ ለመቀነስም በውጭ በኩል ተለዋጭ መንገድ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ቅርሱ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ሰፋሪዎቹ ግን የገብስ ማሳቸውንና የግጦሽ ሜዳቸውን ትተው የከተማ ኑሮ መጀመር ነበረባቸው፤ ስለዚህ የቱሪዝሙ መንቀሳቀስና መቆም ለእነርሱም በቀጥታ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ጸጥታ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሮና ወረርሽኝና የሰሜኑ ጦርነት የጎብኚውን ቁጥር በእጅጉ ቀንሰዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራም ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። በዚህ ምክንያት መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ከጎንደር መናኸሪያ ሾፌሮችና ከሚያርፍበት ሆቴል ይጠይቃል። በሌሊት መጓዝ አይመከርም። ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚመለስ ሰው የአውሮፕላን ቲኬቱን ለዚያው ቀን ሳይሆን ለማግስቱ ቢቆርጥ፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም መኪና ቢዘገይ በረራው አያመልጠውም።