ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ አይዘጋም

በፒዮሪያ ስትሪት ግራና ቀኝ ባሉት አፓርታማዎች ጎህ ሳይቀድ ስልክ ሲጮህ፣ ብዙ ወላጅ ከአገር ቤት የመጣ መርዶ መስሎት ይደነግጣል። መልእክቱ ግን ከትምህርት ቤት ነው፤ በበረዶው ምክንያት ዛሬ ትምህርት የለም ይላል። ልጆቹ አልጋ ላይ ይዘላሉ። አባትና እናት ደግሞ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ማን ይቅር?

ሆስፒታሉ አይዘጋም፤ የአረጋውያን መጦሪያውም አይዘጋም። አውሮፕላን ማረፊያው በረራ ቢሰርዝ እንኳ ሠራተኛውን ይፈልገዋል። በዴንቨርና በአውሮራ ካሉት ወገኖች ብዙዎቹ እንጀራቸው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ አንዱ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ዓይኑን ሳይከድን ልጆቹን ሲጠብቅ ይውላል፤ አንዷ ልጆቿን ጎረቤት ጥላ ትሮጣለች፤ ሌላው፣ ደፍሮ ባይናገረውም፣ የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ «ታናናሾችሽን ጠብቂ» ብሎ በሩን ቆልፎ ይወጣል።

የኮሎራዶ ሕግ ልጅ ብቻውን ቤት የሚቀርበትን ዕድሜ በቁጥር አልወሰነም። 12 ዓመት ሲባል የሚሰማው እንደ መመሪያ ነው። ይሁን እንጂ አደጋ ቢደርስ «እኛም እንዲሁ ነበር ያደግነው» የሚለው መልስ ማንንም አያድንም። አገር ቤት በሩ ክፍት ነበር፤ መንደሩ በሙሉ ልጁን ያየው ነበር። እዚህ በሩ ተቆልፏል፤ የፎቁ ጎረቤትም ስሙን አያውቀውም።

ብዙ ወላጅ ያልሰማው አንድ ነገር አለ። ኮሎራዶ በ2020 ያወጣው የሲክ ሊቭ ሕግ ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ትንሹንም ትልቁንም አሠሪ ይመለከታል። ሠራተኛው በሠራው በየ30 ሰዓቱ ደመወዝ የሚከፈልበት አንድ ሰዓት ፈቃድ ያገኛል፤ በዓመትም እስከ 48 ሰዓት ይጠራቀምለታል፤ ይኸውም ስድስት የሥራ ቀን ማለት ነው። ግማሽ ቀን የሚሠራውም በሠራው ልክ ያገኛል። ከኦገስት 2023 ወዲህ ደግሞ በአየር ጠባይ ምክንያት የልጅ ትምህርት ቤት ወይም መዋያ ሲዘጋ፣ ልጁን ለመጠበቅ በዚሁ ፈቃድ መጠቀም ይቻላል። ከአራት ተከታታይ የሥራ ቀን በታች ለቀረ ሠራተኛ አሠሪው ማስረጃ አምጣ ሊለው አይችልም፤ በፈቃዱ ስለተጠቀመ መቅጣትም ክልክል ነው። እንግዲህ ስልክ ደውሎ፣ እያሳሉ፣ «አሞኛል» ማለት ቀረ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል ማለት ይበቃል።

ሕጉ የማይደርስለትም አለ። በራሱ መኪና ለሚሠራው ታክሲና ኡበር ነጂ አሠሪ የለውምና ይህ ፈቃድ አይመለከተውም። ለእርሱ የሚያዋጣው የጥንቱ መላ ነው፤ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተስማምቶ ተራ መግባት። ይህንንም መነጋገር የሚሻለው በረዶው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሰው ቀስቅሶ ልጅ ያዙልኝ ማለት ያሳፍራል።

ጥምቀት ካለፈ ወዲያ ክረምቱ አለቀ ብሎ ፈቃዱን ጥርግ አድርጎ የሚጨርስ ሰው ይሳሳታል። ዴንቨር ብዙ በረዶ የሚወርድባት ማርች ላይ ነው። በማርች 2003 ከፒዮሪያ ስትሪት በስተምዕራብ በሚገኘው በአሮጌው ስቴፕልተን የተለካው በረዶ 31.8 ኢንች፣ ማለትም 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የ2019ኙም የ2021ዱም ከባድ ውርጅብኝ የመጣው በዚሁ ወር ነው። አንድ ሁለት ቀን ለማርች ማስቀመጥ ይበጃል።

ቤት የዋለ ሰው በበኩሉ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ወሩ ብዙውን ጊዜ ሁዳዴ ነውና ድስቱ ሽሮ ነው፤ ልጆቹ ግን በየሰዓቱ ይርባቸዋል። ልጅ ልትጠብቅ ከአዲስ አበባ የመጣች አያት ካለች በመስኮቱ እያየች ታማትባለች። «በረዶ» የምታውቀው በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበውን፣ ልጆች በሳህን ለቅመው የሚበሉትን ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደውን ይህንን ምን እንደምትለው ግራ ይገባታል። ትልቁ ልጅ ደግሞ ይጠይቃል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ዴንቨር 1,600 ሜትር ብቻ ከሆነች፣ እዚያ ለምን እንዲህ አይወርድም? አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች ከሰሜን ዋልታ የሚወርደው ብርድ አይደርስባትም። ይህ ሁሉ ወሬ በአማርኛ ይካሄዳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በእንግሊዝኛ ለሚውል ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቡናም ይፈላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መስኮቱ ሁሉ በተዘጋበት ቀን ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ሽታም ቀለምም የሌለውን ጋዝ ያመጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ሲጀምር ሰው ጉንፋን ይመስለዋል፤ ትንንሽ ልጆችን ደግሞ ፈጥኖ ይጎዳል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይሁን። ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ወደ ውጭ ወጥቶ 911 መደወል ነው።

የጋዝ ማሞቂያ ባለበት የኪራይ ቤት ከጁላይ 2009 ወዲህ ለገባ ተከራይ፣ የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የማስገባት ግዴታ በሕግ የአከራዩ ነው። ወጥ ሲቁላላ ጮኸ ተብሎ ባትሪው ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ካለም፣ ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለስ።