«ምንም አልሆንሁም» ስለሚል ሯጭ

ገና ጎሕ ሲቀድ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ወጣቶችና ጎልማሶች ሲሮጡ ማየት ደስ ያሰኛል። ሥራቸውም በጎ ነው፤ ሩጫ ልብን ያበረታል፥ እንቅልፍንም ያጣፍጣል። ነገር ግን እየዘለለ የወጣ ልጅ እያነከሰ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን አለ። እናቱ «ምን ሆንህ?» ቢሉት፥ «ምንም አልሆንሁም» ይላል። ዛሬ ከቤተሰብ ጋር ልንነጋገርበት የወደድነው ስለዚህ መልስ ነው።

የቶኪዮን ድል የማያውቅ የለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በትርፍ አንጀት ምክንያት ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ስድስት ሳምንት ሳይሞላቸው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን አሸነፉ። ይህን እየሰማ ያደገ ወጣት ሕመምን መናቅ ጀግንነት ይመስለዋል። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የሆነውን ግን የሚያነሡ ጥቂቶች ናቸው። በዚያ ጊዜ ሻምበል አበበ እግራቸው ተጎድቶ ሳለ ተነሥተው 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጡ በኋላ አቋረጡ፤ ወርቁንም የአገራቸው ልጅ ማሞ ወልዴ አገኙት። የሆድ ቁስል ቢሽር እግር ይሮጣል፤ እግር ራሱ ሲታመም ግን ጀግናም ቢሆን ይቆማል።

የሯጭ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በመውደቅ የሚመጣ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ነው። ከሁሉ ይልቅ ጉልበት ይታመማል፤ ቅልጥምና የተረከዝ ጅማትም ይከተላሉ። ዋናው ምክንያት የቀድሞ ጉዳት ሳይድን መመለስ ነው። ሁለተኛው ርቀትን በድንገት ማብዛት ነው፤ ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ሲበረታ፥ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉና። የአገሩም አቀማመጥ ድርሻ አለው። የሀብሩ ከተማ መርሳ ከወልድያ ዝቅ ያለች ናት፤ ወደዚያ የሚወርድ ሯጭ ትንፋሹ ቢቀለውም፥ በየእርምጃው ሰውነቱን የሚገታው ጭኑና ጉልበቱ ስለሆነ ጉዳቱ በማግሥቱ ይታወቀዋል።

ስለዚህ ጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን ሮጦ በመካከሉ ይረፍ። በጾም ወራትም ሩጫውን አሳጥሮ ወደ መብል ሰዓት ያቅርበው። ሕመሙ የሚያስነክሰው ከሆነ ያቁም፤ አጥንቱ አንድ ቦታ ላይ ሲነካ የሚያመው ወይም ሌሊት የሚያነቃው ከሆነ ሐኪም ይየው። ወጌሻ ቢያሸው የተሰነጠቀ አጥንት ሊብስ ይችላል።

ወላጆችም ያነከሰውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለት «ዛሬ ዕረፍ» ይበሉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።