አንድ ጉልበት፣ ሁለት ቀጠሮ፦ የተጎዳ ተጫዋችን መያዝ ወይስ መልቀቅ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 የቺካጎ ቡልሱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዴሪክ ሮዝ ፖርትላንድ ላይ ሲጫወት የቀኝ ጉልበቱ ሜኒስከስ፣ በጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ የተነጠፈው ልም አጥንት፣ ተቀደደ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በዚያ የውድድር ዓመትም ዳግም ሜዳ አልገባም። በፌብሩዋሪ 2015 ያው ጉልበት፣ ያው ሜኒስከስ እንደገና ተቀደደ። አሁንም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ40ኛው ቀን ግን ከኦርላንዶ ጋር ተሰልፎ ይጫወት ነበር።

ሁለቱንም ጊዜ ዜናው ያወራው ስለ ሜኒስከስ መቀደድ ነው። ልዩነቱ ያለው ሐኪሞቹ ባደረጉት ነገር ላይ ነው። በመጀመሪያው የተቀደደውን ሰፉት፤ በሁለተኛው የተጎዳውን ቁራጭ ቆርጠው አወጡት። የተሰፋ ነገር እስኪገጥም ወራት ይፈልጋል። ተቆርጦ ከወጣ ግን የሚጠበቀው ቁስሉ እስኪደርቅ፣ እብጠቱ እስኪጎድልና ጡንቻው እስኪበረታ ብቻ ነው።

ፋንታሲ ቅርጫት ኳስ ለሚጫወት ሰው የውድድር ዓመቱ ዕጣ በዚህች ልዩነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግን የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል፦ እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን ቡድን እንሠራለን፤ እነሱ ሜዳ ላይ የሚያስመዘግቡት ነጥብ፣ ሪባውንድና አሲስት የእኛ ውጤት ይሆናል። በቅርጫት ኳሱ ግን ሁለት ነገሮች ይለያሉ። በአብዛኞቹ ሊጎች አንድ ተጫዋች በአንድ ቡድን ብቻ ነው የሚያዘው፤ ዛሬ የለቀቅነውን ነገ ተፎካካሪያችን ይወስደዋል። በዚያ ላይ የሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ቡድን ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል 82 ጨዋታ ያደርጋል፤ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ የጉዳት ዜና በመጣ ቁጥር ልንጠይቅ የሚገባን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምኑ ነው የተጎዳው? ምንስ ተደረገለት?» የሚለው ነው። «መቼ ይመለሳል?» የሚለው መልስ ከዚያ ይወጣል።

ደም የሚደርስበት ቶሎ ይድናል

የሰውነት ክፍሎች የሚድኑበት ፍጥነት እኩል አይደለም። ዋናው ምክንያት ደም ነው። ለጥገና የሚያስፈልገው ኦክስጅን፣ ምግብና ሕዋስ የሚመጣው በደም ነውና። ጡንቻ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ መለስተኛ ጉዳቱ በሳምንታት ይሽራል። አጥንትም ደም አያጣም፤ ተራ ስብራት ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይገጥማል። ጅማት ግን የሚያገኘው ደም ጥቂት ነው። ሜኒስከስ ደግሞ ደም የሚያገኘው በውጪው ጠርዙ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ደሙ ይጠፋል። ሐኪም መስፋትን ወይም መቁረጥን ሲመርጥ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ መቀደዱ በየትኛው ክፍል ላይ እንደደረሰ ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ወለምታ እንውሰድ። ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ሲጠማዘዝ በውጪ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። ቀላሉ በአንድ ሁለት ሳምንት ይሻላል፤ ጅማቱ ፈጽሞ ከተበጠሰ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። በ2010 የታተመና የኤንቢኤን 17 የውድድር ዓመታት የመረመረ ጥናት እንዳሳየው፣ በሊጉ በብዛት የሚያጋጥመው ጉዳት ይኸው የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። ከሁሉ በላይ ጨዋታ ያሳጣው ግን በጉልበት ሎሚ አካባቢ የሚነሳው ብግነት ነበር። ይህ ለፋንታሲ ተጫዋች ትልቅ ትምህርት ነው። ወለምታ ያስደነግጣል፤ ግን ያልፋል። «ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል» የሚለው ለስላሳ ዜና ግን ዛሬ አንድ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት እያለ ዓመቱን ሙሉ ጨዋታ ሲነጥቅ ይከርማል።

በሌላው ጫፍ የተረከዝ ጅማት፣ አኪሊስ፣ አለ። በሰውነት ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው፤ ሲበጠስ ግን በዚያ የውድድር ዓመት መጠበቅ ከንቱ ነው። ኮቢ ብራያንት በኤፕሪል 2013 ተበጥሶበት በዲሴምበር ተመለሰ፤ ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ የዚያው እግሩ ጉልበት አጥንት ተሰበረ። ኬቨን ዱራንት ይኸው ጉዳት በጁን 2019 ከደረሰበት በኋላ የቀጣዩን ዓመት ውድድር ሙሉ በሙሉ ትቶ በዲሴምበር 2020 ተመለሰ፤ በተመለሰበት የውድድር ዓመትም በጨዋታ በአማካይ 26.9 ነጥብ አስቆጠረ። ሁለት ሰዎችን አነጻጽሮ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ዕድሜያቸውም ይለያያል። ሆኖም ጅማት በችኮላ እንደማይገዛ ሁለቱም ያሳያሉ።

ኤሲኤል በሚባለው የጉልበት ጅማት ላይ ማስረጃው የበለጠ ግልጽ ነው። ጅማቱ ሲበጠስ ሐኪሞች ከሌላ ቦታ የተወሰደ ጅማት ይተክላሉ። ይህ ምትክ ወዲያው አይጠነክርም። አዲስ የደም ሥር እስኪገባበትና እንደገና እስኪሠራ ድረስ ከተተከለበት ቀን እንኳ ይበልጥ የሚደክምበት ጊዜ አለ። በ2016 የታተመው የደላዌርና የኦስሎ ጥናት እንደሚለው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዘጠኝ ወር እስኪሞላ ድረስ ወደ ስፖርት መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ኤሲኤሉ በዲሴምበር የተበጠሰ ተጫዋች ለዘንድሮ ቡድናችን እንደሌለ ይቆጠራል።

ሒሳቡ

አስቸጋሪው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው፣ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚያስቀምጠው ጉዳት ነው። እዚህ ላይ ስሜትን ትቶ እርሳስ ማንሳት ያስፈልጋል።

ኮከባችን በጨዋታ 45 የፋንታሲ ነጥብ ያመጣል እንበል። ማንም ካልያዛቸው ተጫዋቾች መካከል የምናገኘው ምትክ 25 ያመጣል። 12 ሳምንት ቀርቷል፤ በሳምንት ሦስት ጨዋታ ቢኖር 36 ጨዋታ ነው። ኮከቡን ለቀን ምትኩን ብንይዝ 900 ነጥብ እናገኛለን። ኮከቡ አምስት ሳምንት ቀርቶ ቢመለስ 21 ጨዋታ ይጫወታል፤ 945 ነጥብ። መያዙ ያዋጣል። ስድስት ሳምንት ከቀረ ግን 810 ብቻ ያመጣል፤ መልቀቁ ያዋጣል። ደንቡ ቀላል ነው፦ የምትኩን ነጥብ ለኮከቡ ነጥብ አካፍለን ከአንድ እንቀንሳለን። በምሳሌያችን 44 በመቶ ይመጣል። ኮከቡ ከቀረው ጊዜ ከ44 በመቶ በላይ የሚቀር ከሆነ ቦታውን መያዙ ኪሳራ ነው።

ይህ ስሌት ግን ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር ይጎድለዋል። የተመለሰ ተጫዋች በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሰዓት አይጫወትም። 35 ደቂቃ የለመደው 20 ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል፤ በተከታታይ ቀናት ጨዋታ ካለ ከሁለቱ በአንዱ ያርፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከለመደው 60 በመቶውን ብቻ ቢያመጣ የ945ቱ ነጥብ ወደ 837 ይወርዳል። አዋጪ የነበረው ውሳኔ በዚህ ብቻ ይገለበጣል።

ነገሩን ሁሉ የሚለውጠው ለተጎዱ ተጫዋቾች የተለየ ቦታ ነው። ብዙ ሊጎች እንዲህ ያለ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ይሰጣሉ። ኮከቡ እዚያ ተቀምጦ ምትኩ አምስቱን ሳምንት ቢጫወት ተጨማሪ 375 ነጥብ ይገኛል፤ ድምሩ 1,212 ይሆናል። ስለዚህ ይህን ቦታ ለአንድ ሳምንት ወለምታ ማባከን አይገባም፤ የሚገባው ከፍተኛ ዋጋ እያለው ለረጅም ጊዜ ለሚቀር ተጫዋች ነው። ሲያገግም ደግሞ ከቡድኑ አንዱ መውጣቱ አይቀርም፤ ማን እንደሚወጣ ቀድሞ ማሰብ ደግ ነው።

ከመተኛት በፊት

ኤንቢኤ ቡድኖቹን ከጨዋታው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በአካባቢያቸው አቆጣጠር እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ድረስ የተጫዋቾቻቸውን ሁኔታ እንዲያሳውቁ ያዛል። በተከታታይ ቀናት ለሚጫወት ቡድን የሁለተኛው ቀን ገደብ በዕለቱ 7 ሰዓት ነው። መግለጫው ደረጃ አለው፦ የመሰለፍ ዕድሉ 75 በመቶ የሆነ፣ 50 በመቶ የሆነ፣ 25 በመቶ የሆነ፣ ጭራሽ የማይሰለፍ።

አዲስ አበባ ላለን ጭንቁ እዚህ ነው። በክረምታቸው ኒው ዮርክ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው ዜና ሲወጣ ተኝተናል። እንግዲህ ሒሳቡ ያግዘን። 50 በመቶ ዕድል ያለው ባለ 45 ነጥብ ኮከብ በአማካይ የሚያመጣው 22.5 ነው፤ በዚያው ሌሊት በእርግጠኝነት የሚጫወተው ባለ 25 ምትክ ይበልጠዋል። ዕድሉ 75 በመቶ ከሆነ ግን 33.75 ይደርሳል፤ ኮከቡን አሰልፎ መተኛት ነው።

ወደ ሮዝ ጉልበት እንመለስ። በ2015 ዜናው እንደተሰማ ተስፋ ቆርጦ የለቀቀው ሰው «ተሰፋ ወይስ ተቆረጠ?» የሚለው እስኪታወቅ ሁለት ሦስት ቀን ቢታገስ ኖሮ የተለየ መልስ ባገኘ ነበር። ይሁንና ለፋንታሲ ቡድን ደስ የሚለው መልስ ለሰውየው የተሻለው ላይሆን ይችላል። ተቆርጦ የወጣ ሜኒስከስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ትራሱ በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ በኋላ ዘመን በአጥንት መፋተግ የመታመሙ ዕድል ይጨምራል። እኛ የምንቆጥረው እስከ ኤፕሪል ያሉትን ሳምንታት ነው። እሱ በዚያው ጉልበት ልጆቹን ያቅፋል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ያረጃል። ኮከባችን በዝግታ ሲመለስ መታገሥ ከስሌቱ በፊት ለሰውየው የሚገባ ክብር ነው።